ከአንገቴ የፈታሁት ቁልፍ

ይህን ነገር እስከዚህ ሳምንት ድረስ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኋትም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኋቸውም፤ ስናዘዝ ሌላ ሌላውን ቆጥሬ ይህን ዘልየዋለሁ። "የቀረሽ አለ?" ሲሉኝ "የለም አባ" ብዬ መስቀል ተሳልሜ ወጥቻለሁ። እንግዲህ ከእሳቸው የደበቅሁትን ለእናንተ ነው የምነግራችሁ። ከምታነቡት መካከል የሚያውቁኝ አሉ፣ የማያውቁኝም አሉ። ለሁላችሁም ያው ነው፤ አሳምሬ አልነግራችሁም።

እናኑ እባላለሁ። የተወለድሁት ከአንበሳሜ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አማርኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ። እንግሊዝኛ ግን ፊደሉን እንጂ ነገሩን አላውቀውም። ሰው ፊት መናገር ይጨንቀኛል። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ጀርባዬን ከግድግዳ አስጠግቼ ነው የምቆመው። በመንደራችን "እናኑ አፍ የላትም" ይሉኝ ነበር። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። አፍ የላትም መባሌ እንዴት አድርጎ እንደሸሸገኝ እንድታውቁልኝ ነው።

ደብረ ታቦር የመጣሁት ለሥራ ነው። አንድ የወጣቶች ማኅበር ሁለት ክፍል ተከራይቶ ስለነበር በጽዳት ተቀጠርሁ። በአንደኛው ክፍል ጠረጴዛና ወንበር አለ። በሁለተኛው ሰርቨር የሚሉት፣ ሲያጉረመርም የሚውል ትልቅ ኮምፒዩተር አለ። አቧራና ሙቀት አይወድም። የእኔ ሥራ ክፍሉን መጥረግ፣ መስኮቱን መጠበቅ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ማስነሳት ነበር።

ማኅበርተኞቹ ያን ማሽን "ጎተራ" ይሉታል። ለምን እንዲህ እንዳሉት ቆይቶ ገባኝ። በዓለም ላይ ሰዎች ሠርተው "የፈለገ ይውሰድ፣ የፈለገ ያሻሽል" ብለው በነፃ የሚሰጧቸው ፕሮግራሞች አሉ። ኢንተርኔት ያለው ከየትም ያወርዳቸዋል። እኛ ዘንድ ግን ኔትወርክ የጠፋ ቀን ጤና ጣቢያውም ትምህርት ቤቱም የተበላሸ ኮምፒዩተሩን የሚያድስበት ያጣል። ስለዚህ ማኅበሩ ፕሮግራሞቹን እየጠቀለለ እዚሁ አጠራቀማቸው። የቸገረው ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ቀድቶ ይሄዳል። ልጆቹ ራሳቸው የሚሠሯቸውም ጥቅሎች ነበሩ። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ የሠሪው ስም ይጻፋል። አብዛኛው ላይ የተጻፈው የመሠረት ስም ነው።

መሠረት የማኅበሩ ዋና ባለሙያ ነበረች። ከእኔ አምስት ዓመት ብትበልጥ ነው። ምሳዋን የምትረሳ፣ ስትናገር የምትቸኩል፣ ስትሳሳት ወዲያው "ተሳስቻለሁ" የምትል ሰው ናት። ሊቀመንበሩ መምህር ሙሉቀን ነበሩ። ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ የጽዳቷንም የዘበኛውንም ስም የማይረሱ ናቸው።

መሠረት አንድ ትልቅ ነገር አሰበች። ማንበብ ለማይችል ገበሬ በስልኩ የሚያናግረው ፕሮግራም፤ የልጁን የክትባት ቀን፣ የከብቱን በሽታ፣ የዘሩን ነገር በእኛው አገር አነጋገር የሚነግረው። ለዚህ የሰው ድምፅ ያስፈልጋል፤ ደግሞም የእኛው አገር ሰው ድምፅ። ማን ሄዶ ይሰብስብ ሲባል መሠረት ወደ እኔ ጠቆመች።

"እናኑን ገበሬው አይፈራትም" አለች። "እኛ ስንሄድ ግብር የምንሰበስብ ይመስላቸዋል።"

እውነቷን ነው። በአንበሳሜም በሐሙሲትም ዙሪያ ገጠር ለገጠር ዞርሁ። በር ላይ ቆሜ "ቤቶች!" ስል ድምፄ ስለማይሰማ ውሻው ነበር የሚያስተዋውቀኝ። ገብቼ ግን ከሰው ጋር እግባባለሁ፤ ዝም ብዬ ስቀመጥ ሰዉ ራሱ ያወራል። እማማ ጥሩነሽን ያገኘኋቸው እንዲህ ነው።

እማማ ጥሩነሽ ከሐሙሲት በእግር አንድ ሰዓት ገደማ በሚያስኬድ መንደር ከልጃቸው ከየዝና ጋር ይኖሩ ነበር። ከፊት ጥርሳቸው አንዱ የለም፤ "ሸ" ሲሉ እንደ ፉጨት የሚሾልክ ነገር አለው። ደረታቸውን ስለሚያማቸው በየመሀሉ ይስላሉ። እጃቸው ከእንዝርት አይለይም። መቅጃውን ፊታቸው ሳስቀምጥ በጥርጣሬ አዩት።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ድምፅ የሚይዝ ነው እማማ።"

"ከያዘ በኋላስ ይለቃል?"

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ሦስት ቀን ተመላለስሁ። ከሞፈርና ከቀንበር እስከ እርፍና ወገል የእርሻውን ዕቃ ሁሉ በስሙ ጠሩልኝ። የከብቱን መልክ፣ የዝናቡን ዓይነት፣ ሕፃን ሲያተኩሰው የሚባለውን ነገሩኝ። በሦስተኛው ቀን እንዝርታቸውን አስቀመጡ። ያን ቀን የተናገሩትን ልቤ ውስጥ ይዤዋለሁ፤ ከመቅጃው ይልቅ እኔ ይዤዋለሁ።

"ልጄ፣ እኔ እንግዲህ ሩቅ አልሄድም። ሰው ሲሞት ሥጋው ለመሬት ነው፣ ነፍሱ ለፈጣሪው ነው። ድምፁ ለማን ነው?"

መቅጃውን ወደ እሳቸው አስጠጋሁት።

"ላገሬ ልጆች ይሁን ብዬ ነው የሰጠሁሽ። ከዚህ ምድር ወጥቶ ለማላውቀው ሰው አፍ እንዳይሆን።"

"አይወጣም እማማ። ደብረ ታቦር ተቆልፎ ነው የሚቀመጥ።"

"በማተብሽ?"

ማተቤን በሁለት ጣቴ ያዝሁት። "በማተቤ" አልሁ።

ያን ቃል ለእሳቸው ብቻ አልገባሁም። በየቤቱ ገባሁት። ሰዉ ድምፁን የሰጠው ለማኅበሩ አይደለም፤ ማኅበሩን የት ያውቀዋል? የእኔን ቃል አምኖ ነው የሰጠው።

መሠረት ይህን ስነግራት ቃሉን እንደ ቀላል አላየችውም። ጎተራውን በሁለት ከፈለችው። ፕሮግራሙ ያለበት ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ ድምፁ ያለበት ተቆለፈ። የአቆላለፉ ዘዴ ከቤተ ክርስቲያን የተወሰደ ነው። የኛ ደብር ዕቃ ቤት ሦስት ቁልፍ አለው። አንዱ ከአስተዳዳሪው፣ አንዱ ከዕቃ ቤቱ ጠባቂ፣ አንዱ ከምእመናኑ ሽማግሌ ዘንድ ይቀመጣል፤ አንድ ሰው ብቻውን መክፈት አይችልም። እኛም እንዲሁ ሦስት ቁልፍ አደረግን። ፍላሽ የሚመስል፣ አውራ ጣት የሚያህል ነገር ነው። አንዱን መሠረት፣ አንዱን መምህር ሙሉቀን ያዙ። ሦስተኛውን ለማን እንስጥ ሲባል እንደ ልማዴ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር።

"ለእናኑ" አለች መሠረት። "ቃሉን የገባችው እሷ ናት።"

ከሦስቱ ሁለቱ ከተሰኩ ይከፈታል፤ አንዱ ቢታመም ሥራ እንዳይቆም ተብሎ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ከመክፈታቸው በፊት ሦስተኛውን መጥራት ግዴታ ነበር። ሕጉ በአማርኛ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እኔ ራሴ ነኝ የለጠፍሁት። ቁልፌን በጥቁር ክር አስሬ ከማተቤ ጎን አንጠለጠልሁት። ስሠራ ደረቴን ሲነካኝ ደስ ይለኝ ነበር። በሕይወቴ አደራ የሚባል ነገር ተሰጥቶኝ አያውቅም ነበርና።

ታዲያ ይህን አደራ ምን አደረግሁት?

ማሽኑ እያረጀ ሄደ። መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል ስለሚመጣ ዕቃ ያቃጥላል። መምህር ሙሉቀን "ጎተራውን ውጭ አገር ያለ ድርጅት በነፃ ያስቀምጥልናል፣ እንላከው" ማለት ጀመሩ። መሠረት አልተቀበለችም። ሁለቱ ሲከራከሩ እኔ ወለል እየወለወልሁ እሰማ ነበር።

"ማሽኑ በተቀመጠበት አገር ሕግ ነው የሚተዳደረው" ትላለች። "ነገ ቢዘጉብን ወይ ለሌላ ቢሰጡት የት ሄደን እንከሳለን?"

"እዚህስ መብራት ሲያቃጥለው ማንን ልትከሺ ነው? እግዜርን?"

"መምህር፣ ቀልድ አይደለም!"

"እኔስ መች ቀለድሁ? ክፍት ነው፣ የሁሉ ነው ብለን ለዓለም አውጀን፣ ደግሞ በር ዘግተን ልንቀመጥ?"

"እህሉን ለሁሉም እንስጥ። ጎተራውን ግን ለምን እንሰጣለን?"

ሁለቱም እውነት የሚናገሩ ይመስለኝ ነበር። ልቤ ግን ከመሠረት ጋር ነበር፤ የእማማ ቃል ነውና።

ከዚያ አንድ ቀን መጣ። ትንሽ ነገር ነው፤ ብታነቡት ይህች ናት ወይ ትላላችሁ። እንግዶች መጥተው ሁላችንም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ቁልፍ ያዥ ስለሆንሁ እኔም ተቀመጥሁ። መሠረት የታተመ ወረቀት በየሰዉ ፊት አስቀመጠች፤ ለእኔም አስቀመጠች። ወዲያው ትዝ ሲላት መልሳ ሳበችው። "ውይ እናኑ፣ ይኼ እንግሊዝኛ ነው፤ ለአንቺ አይሆንም። በኋላ እነግርሻለሁ" አለች። እንግዶቹ አዩኝ። አንዱ ፈገግ አለ። በኋላ እንዳለችው ቁጭ አድርጋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ አስረዳችኝ፤ ግማሽ ቀን ፈጀባት። እኔ ግን ማስረዳቷን ረስቼ መሳቧን ያዝሁ። ወረቀቱ ከፊቴ ሲንሸራተት የሰማሁትን ድምፅ ለወራት ይዤ ዞርሁ።

የመሠረት እናት ታመሙና ልታስታምማቸው ባሕር ዳር ሄደች። በሄደች በሳምንቷ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሁሉ ነገር ከሚቀመጥባቸው የጎተራው ዲስኮች አንዱ ተቃጠለ። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝና ሮጬ ማሽኑን አጠፋሁት። በማግሥቱ ቀትር ላይ መምህር ሙሉቀን ብቻቸውን መጡ። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እኔንም "ተቀመጪ" አሉኝ።

"እናኑ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?"

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። "ስለ ምኑ መምህር?" አልሁ።

"ስለ ጎተራው። አንዱ ዲስክ ሄደ። ሌላው ነገ ይሄዳል። ያኔ የሰበሰብሽው ሁሉ ይጠፋል። ድምፁንም ጨምረን ወደ ውጭ እንላከው። የአንቺና የእኔ ቁልፍ ይበቃል።"

"መሠረትስ? አንጠራትም?"

"እናቷ አልጋ ላይ ናቸው፤ ምን እናስጨንቃታለን? ስትመጣ እኔ እነግራታለሁ።" ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞሩት። ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ነው። "ውሉ ይኼ ነው። ላንብብልሽ?"

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ላንብብልሽ ብለዋል። አልደበቁኝም። "አዎ፣ ያንብቡልኝ" ብል ያነቡልኝ ነበር። ያስቀመጥነውን ነገር ድርጅቱ ለራሱ ሥራ ሊጠቀምበት እንደሚችል፣ ክስ ቢነሳ በእነሱ አገር እንደሆነ እዚያው ተጽፎ ነበር። እኔ ግን ምን አልሁ?

"አያስፈልግም። ገብቶኛል" አልሁ።

ዓይኔን ከላይ ወደ ታች እያንሸራተትሁ ያነበብሁ መሰልሁ። አንድም ቃል አላወቅሁም። ከዚያ እጄን ወደ አንገቴ ሰድጄ ጥቁሩን ክር ፈታሁት። ቋጠሮው ስለጠበቀ ጊዜ ወሰደብኝ። ማሰቢያ ጊዜ ነበረኝ ማለት ነው። ጣቶቼ ማተቤን እየነኩ ነበር። ፈታሁት፣ ሰጠሁ፣ ተሰካ።

ለምን ሰጠሁ? ዲስኩ ተቃጥሎ ስለፈራሁ ነው ልበላችሁ? ፈርቼ ነበር፤ ግን ለዚያ አይደለም። መምህርን እንቢ ማለት ስላሳፈረኝ ነው? ያም አለበት፤ ግን ዋናው እሱ አይደለም። የሰጠሁት ያ ወረቀት ከፊቴ ስለተሳበ ነው። መሠረት በሌለችበት፣ ያለ መሠረት፣ እኔ የምወስነው ነገር እንዲኖር ፈለግሁ። ይኸው ነው። እንግሊዝኛ አለማንበቤ አያድነኝም። ለእማማ ቃል የገባሁት በአማርኛ ነው፤ ግድግዳው ላይ የለጠፍሁት ሕግም በአማርኛ ነው።

መሠረት ስትመለስ መምህር ሙሉቀን "ክፍቱን ብቻ ነው የላክሁት" አሏት። እኔ እዚያው ነበርሁ፤ መስኮት እወለውል ነበር። መወልወሌን ቀጠልሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ እሳቸው ውጭ አገር ሥራ አግኝተው ሄዱ። በእሳቸው አልፈርድም፤ የራሳቸውን ራሳቸው ይናዘዙ።

እማማ ጥሩነሽ በክረምቱ አረፉ። ለአርባቸው ሄጄ ስመለስ ከየዝና ጋር ከሐሙሲት ሚኒባስ ያዝን፤ እሷም ደብረ ታቦር ቢሮ ጉዳይ ነበራት። ከል ለብሳ መስኮቱ ጥግ ተቀመጠች። ከኋላ አንድ ወጣት ስልኩን ሲከፍት የአሮጊት ድምፅ ወጣ።

"ልጆቼ፣ ዛሬ ማን ያሸንፋል? ተወራረዱ፣ ዕድላችሁን ሞክሩ!"

መኪናው በሳቅ ሞላ።

"እንዴ! እኒህ እናት የየትኛው ቡድን ደጋፊ ናቸው?" አለ አንዱ።

"የሰንበቴ ቡድን ናቸዋ!"

"አያቴ እንዲህ ብትመክረኝ ኖሮ እኔም የሰው በር እየዘጋሁ አልቀርም ነበር" አለ ረዳቱ፤ ደግሞ ተሳቀ።

እኔ ግን ድምፁን አወቅሁት። "ያሸንፋል" ሲሉ "ሸ"ዋ እንደ ፉጨት ሾለከች። የዝና ቀስ ብላ ዞረች።

"እማዬ?" አለች። ከዚያ ጮኸች፦ "አቁሙልኝ! መኪናውን አቁሙልኝ!"

ሹፌሩ ያቅለሸለሻት መስሎት ዳር ያዘ። የዝና ግን አልወረደችም። ወደ ኋላ ሄዳ ልጁን "እባክህ፣ ድገመው" አለችው። ልጁ ግራ ተጋብቶ ደገመው። ሳቁ ቆመ። ሦስት ጊዜ አስደገመችው። በመጨረሻ የተናገረችው ከጆሮዬ አይወጣም።

"ሳሏን አውጥተውታል" አለች። "እማዬ ይኼን ያህል ሳትስል ተናግራ አታውቅም።"

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰንበቴ የጠጡ፣ ጾም ያልሻሩ ሴት ከሞቱ በኋላ ሰውን ለውርርድ ይጠራሉ። ማሽን ከቀዳሁት ድምፃቸው ያላሉትን አናገራቸው፤ የማያውቁት ሰው አፍ ሆኑ። የፈሩትም ይህን አልነበረም?

የዝና ለማኅበሩ ነገረች፤ ማኅበሩም ውጭ አገር ላለው ድርጅት ጻፈ። ውሉ ይፈቅዳል፣ አቤቱታ ካላችሁ በእኛ አገር ፍርድ ቤት አቅርቡ የሚል መልስ መጣ። መሠረት የፈራችው ቃል በቃል ደረሰ። ከዚያ ስብሰባ ተጠራ፤ የገጠሩ ሽማግሌዎችም መጡ። የተቆለፈው ያለ ሁለት ቁልፍ አይከፈትም። የትኞቹ ሁለቱ እንደተሰኩ የሚመዘገበው ግን አሮጌው ማሽን ላይ ነበር፤ እሱም ተጥሏል። ውሉን የፈረሙት እሳቸው ስለሆኑ አንደኛው የመምህር ሙሉቀን መሆኑ ታወቀ፤ እሳቸውን ግን ከሄዱ ወዲህ የሚያገኛቸው የለም። ሁለተኛው የማን ነው?

"እኔ ባሕር ዳር ነበርሁ" አለች መሠረት።

"ቁልፍ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ይላካል እኮ" አለ አንዱ። ብዙ ሰው "እውነት ነው" አለ። አንድ ሽማግሌ ግን ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ ያንቺስ? ቁልፍሽ ከአንገትሽ ወጥቶ ያውቃል?"

መልስ ከመስጠቴ በፊት መሠረት ተናገረች። "እናኑን አታስጨንቋት። እሷ አታደርገውም።"

እኔም ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ።

አንድ ቃል አልተናገርሁም። ሁሉም አፍ የላትም ስለሚሉኝ ማንም ቃል አልጠበቀም። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ስለ እኔ በምትመሰክር ሴት ፊት፣ ራሴን ነቀነቅሁ። ያ ራስ መነቅነቅ ከቃል በላይ ነው። ቁልፉን ስሰጥ የእማማን ድምፅ አወጣሁ፤ ራሴን ስነቀንቅ የመሠረትን ስም ቀበርሁ። የትኛው ይብሳል? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ በመጀመሪያው ቀን ያላወቅሁት ነገር ነበር፣ በሁለተኛው ቀን ግን ሁሉን አውቅ ነበር።

መሠረት ማኅበሩን ለቀቀች። አሁን በአንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ማመልከቻ ትጽፋለች። በሐሙሲት ገበያ ያገኟት ሴቶች "ድምፅ ሻጯ መጣች፣ አፋችሁን ዝጉ!" ብለው እንደተሳለቁባት ሰምቻለሁ። እኔ በዚያ ቤት በር አላልፍም፤ ዞሬ በታችኛው መንገድ ነው የምሄደው። ሦስት ዓመት በታችኛው መንገድ ሄድሁ።

ባለፈው ሐሙስ አዲሱ ሊቀመንበር አንድ ማስታወቂያ ሰጥቶኝ "ለጥፊልኝ" አለኝ። የፊታችን እሑድ ማኅበሩ ተሰብስቦ የመሠረትን ስም ከሠራቻቸው ጥቅሎች ሁሉ ላይ ያነሳል ይላል። ጥቅሎቹን ግን መጠቀማችን አይቀርም። በአማርኛ የተጻፈ ነው። ይህን ማንበብ እችላለሁ። ሙጫውን እንደያዝሁ ደጋግሜ አነበብሁት፣ መለጠፍም አቃተኝ።

በማግሥቱ ዓርብ ሐሙሲት ወርጄ ለየዝና ነገርኋት። ቆማ ሰማችኝ። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም።

"ይቅር በይኝ" አልኋት።

"ድምፁ የኔ አይደለም፤ በሰው ገንዘብ ይቅር አልልም" አለች። "እሷ ደግሞ አሁንም እዚያ ስልክ ውስጥ እየተወራረደች ናት። ምን ልበልሽ?" ከዚያ "ለዚያች ልጅ ነግረሻታል?" አለችኝ።

"ገና ነው።"

"ታዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ? ሂጂ እንጂ። አፍ አለሽ አይደል?"

አፍ አለኝ። ከሐሙሲት ስመለስ በላይኛው መንገድ ሄድሁ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ተዘግቶ ነበር። መዘጋቱን ሳይ በልቤ "ተመስገን" እንዳልሁም ልንገራችሁ፤ ሰው እንዲህ ነው። ነገ ደግሜ እሄዳለሁ፤ ከስብሰባው በፊት ከእኔ አፍ መስማት አለባት።

እሑድ ይህን ወረቀት ይዤ እገባለሁ። የምናገረው ሌላ ሰው አንብቦልኝ አይደለም፣ ራሴ አንብቤ ነው፤ ግድግዳውንም ትቼ መሀል እቆማለሁ። ድምፄም ይሰማል። ሥራዬን ቢወስዱብኝ ተገቢ ነው። እማማ ጥሩነሽን ማንም ሊመልሳቸው አይችልም፤ ያን አውቄዋለሁ፣ ዕድሜ ልኬን ይዤው እኖራለሁ። የመሠረት ስም ግን ይመለሳል። እሱ በእኔ አፍ ውስጥ ነው ያለው፤ የዘጋሁበትም እኔ ነኝ።

ይቅርታ የምለምነው መሠረትን እንጂ እናንተን አይደለም። ምክንያትም አልደረድርም። ከእናንተ፣ እሑድ ከምትሰበሰቡት፣ የምለምነው እንደ አዲስ እንድትጠይቁኝ ብቻ ነው። ሽማግሌው፣ ያን ቀን ቁልፍሽ ከአንገትሽ ወጥቶ ያውቃል ወይ ብለውኝ ነበር።

አዎ አባቴ፣ ወጥቷል። ፈትቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ።